ውርጭ ያልበገራት ሮዳ

መሥሪያ ቤታችን ከጎባ ወደ ሮቤ ሲዛወር፣ በየማለዳው ሚኒባስ መጋፋቱ ሰለቸኝና ጡረታ ወጣሁ። የቀረኝ ሥራ ከጎባ ውርጭ ጋር መታገል ነበር። ጽጌረዳ እተክላለሁ፣ ይገድልብኛል። እልኸኛ ነኝ፣ ደግሜ እተክላለሁ፤ እሱም ደግሞ ይገድልብኛል።

ተራራው ላይ ዕፅዋት የሚያጠና ፈረንጅ የጓሮ ክፍሌን ተከራይቶኝ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ በቆርቆሮ የተተከለች ቁጥቋጦ ተወልኝ። ከሁለት ዝርያ የተዳቀለች ናት፣ ለጠባብ ግቢ ትሆናለች፣ ከጉልበት አታልፍም፣ ውርጭ አይበግራትም አለኝ በአስተርጓሚው በኩል። ስሟ ሮዶዴንድሮን ነው። ምላሴ እምቢ ስላለኝ ሮዳ አልኳትና መተላለፊያው ዳር ተከልኳት። መጨረሻ ላይ «ከብት እንዳይበላት» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከብት የት አለኝ! በአንዱ ጆሮዬ ገባ፣ በሌላው ወጣ።

ጎረቤቴ አንዲት ጥገት ነበረቻት፤ መንታ ልጆቿን የምታሳድገው በእሷ ወተት ነው። ጎረቤቴ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን። ፋሲካ በመጣ ቁጥር አንድ ጆግ ወተት በአጥሩ ታቀብለኛለች፤ እኔም የግቢዬን ቅጠላ ቅጠል ለላሟ እሰጣለሁ። እኛ ሰፈር ጥገት ያለው ጎረቤት እያለ ለምለም ነገር መጣል ነውር ነው።

በአራተኛው ዓመት በጋ ውርጩ ሣሩን ሁሉ አቃጠለው። ሮዳ ብቻ አረንጓዴ እንደሆነች ጎኗን አስፍታ መተላለፊያውን ዘጋችብኝ። ከረከምኳትና እቅፍ ሙሉ ቅጠል ለላሚቷ ወሰድኩ። ከእጄ ነው የበላችው። ደስ ብሎኝ ግንባሯን አሻሸሁላት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። ላሚቷ አረፋ ትደፍቃለች፣ እግሯ አልቆምላት ብሏል። ሳትበክት ትታረድ ተባለና የጎረቤቴ ባል አረዳት። ቆዳዋ ሲገፈፍ መንታዎቹ ሳህን ይዘው ቆመዋል። የፈረንጁ «ከብት እንዳይበላት» ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ወይኔ ጉዴ!

«አትብሉት!» አልኩ ከአጥሩ ወዲህ።

ባልየው ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። «የእስላም ሥጋ እንደማትበሉ እናውቃለን። ዛሬ እንኳ ዝም ብትዪ ምናለበት?»

«ኧረ እሱን አይደለም! ቅጠሉ መርዝ ነው። ያበላኋት እኔ ነኝ!»

ሥጋው ሁሉ ተቀበረ። ከዚያ ጎረቤቴ ወደ አጥሩ መጣች። «መርዝ መሆኑን ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«ማንም አልነገረኝም» አልኳት፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ።

«ያ ረቢ! ካላወቅሽማ ምን ታደርጊ» ብላ እጄን ያዘችኝ። ወላሂ አልተቀየምኩሽም አለችኝ። አፈርኩ።

ሮዳን ነቅዬ አቃጠልኳት። ፋሲካ ሲደርስ ያው ጆግ በአጥሩ መጣ። ወተቱን ከሌላ ሰፈር ገዝታ ነው። መንታዎቿ ከኋላዋ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጥቁር ሻይ ይጠጣሉ።

«እንኳን አደረሰሽ፣ ጠጪ እንጂ» አለችኝ። ጆጉን ልትመልስ ቆማ ስለምትጠብቅ፣ ፊቷ ቆሜ እስከ ጭላጩ ጠጣሁት።