ጋን የምታዳምጠው ሴት

ሰቆጣ ገበያ ጨው ልሸምት ቆሜ ሳለሁ ነው ያየኋት። ሁሉም በሚጮኽበት መሃል እሷ ታዳምጣለች። ሸክላ ሻጯ ፊት ቁጢጥ ብላ ጋኖቹን አንድ በአንድ በጣቷ እያንኳኳች ጆሮዋን ትለጥፍባቸዋለች። የተሰነጠቀ ጋን ድፍድፉን ማፍሰሱ አይቀርም፤ ድምፁ ግን አስቀድሞ ያሳብቅበታል። ነጠላዋ ለገበያ ታጥቧል፤ ጥፍሮቿ ሥር የገባው የጌሾ እድፍ ግን አልለቀቀም።

«ለምን ድግስ ነው፣ እናቴ?» አለቻት ሻጯ።

«ልጄ ሳውዲ እገባለሁ ብሎ በባሕር ሄደ። ዓመት አለፈው፣ ድምፁን አልሰማሁም» አለች በኽምጥኛ ቅላጼ። «ድንገት ቢመጣ ቤቴ ጠላ እንዳያጣ ብዬ ነው።»

«እንግዲያው ይችን ትንሿን ይውሰዱ። ለቤተ ዘመድ ትበቃለች፤ በወይራ ለማጠንም ትቀላለች። ያ ትልቁ የተስካር ነው፤ ደብሩን ሁሉ ያጠጣል።»

ሴትዮዋ ትንሿን አነሣች፤ የጋኗን አፍ አሸተተችና መልሳ አስቀመጠቻት። ከዚያ ወደ ትልቁ ዞራ አንኳኳችው። ከሌሎቹ ሁሉ አብልጣ፣ ጆሮዋን ለጥፋ ቆየች።

«ደኅና ነው» አለች ቀና ሳትል። «እሱን ጫኚልኝ።»