የቀስ በቀስ ቀኝ እግር

ሚኒባሳችንን የሚነዳውን ሰው ተራ አስከባሪዎቹ «ቀስ በቀስ» ይሉታል። ሃያ ዓመት ሲነዳ ጭረት እንኳ አያውቅም። እኔ ረዳቱ ነኝ፤ አርባ ዓመቴን ደፍኜም እዚያው በር ላይ ነኝ። ከፊታችን ሰው ሲገባ «ያዘው!» እላለሁ፤ ፍሬን ያዝ ማለቴ ነው። እሱ ደግሞ ገና አፌን ስከፍት ይዞታል።

እንዲህ ያለውን ሰው ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ተራችን እስኪደርስ መናኸሪያው ጥግ ያለችው ጌም ቤት እንገባለን። የባሕር ወንበዴዎች ጨዋታ ነው። እሱ አፍንጫዋ ብረት የሆነ፣ የጠላትን መርከብ ገጭታ የምትሰብር መርከብ ይነዳል፤ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አዛለሁ። «አፍንጫ ለአፍንጫ አትግጠም፣ ጎኑን ፈልግ። ነፋሱን ከኋላህ አድርግ፣ ሸራውን ሙሉ ልቀቀው፣ አጠገቡ ስትደርስ እንዳትቀንስ» እለዋለሁ። ምን ዋጋ አለው፤ ልትገጭ ስትል ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፣ ጣቱም አብሮ ሸራውን ይሰበስባል። መርከባችን ጠላትን ሳም አድርጋ ትቆማለች፤ ከዚያ በመድፍ እንለበለባለን። ጌም ቤቱ በሳቅ ይሞታል።

እልህ ያዘኝ። «ያዘው! ያዘው!» ማለት ጀመርኩ፤ እንዳያመልጥህ፣ ግባበት ማለቴ ነው። አንድ ወር ፈጀብኝ እንጂ እግሩ ጸጥ አለ። «ያዘው» ስለው ዘው ይላል፤ የጠላትን መርከብ ከወገቡ ሰብሮ፣ ሌሎቹ ሳይከቡት ወደ ኋላ ስቦ ይወጣል። የሚችለን ጠፋ።

መፍራት የጀመርኩት ያኔ ነው። መንገድ ላይ «ያዘው» ስለው ፍሬኑ መዘግየት ጀመረ። ትንሽ ነው፣ ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል። ተሳፋሪ ልብ አይለውም፤ እኔ ግን በሩን ጨምድጄ እይዛለሁ። አንድ ቀን ሰው ይገድላል ብዬ ፈራሁ። መናገሩንም ፈራሁ፤ ምን ብዬ ልጀምር? እውነቱን ለመናገር ደግሞ ማሸነፉ ጥሞኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አንዲት እናት ልጇን አዝላ ከቆመ አውቶቡስ ጀርባ ብቅ አለች። ጎኗን ሰጥታን ነበር የምትሻገረው። ምላሴ ቀደመኝ፣ «ያዘው!» አልኩ።

ሞተሩ ጮኸ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ ነዳጅ ሰጠ። ወዲያው ፍሬኑ ሲጢጥ አለ፤ ተሳፋሪው አንዱ በአንዱ ላይ ተደፋ። ስንቆም የሴትዮዋ መዳፍ ኮፈኑ ላይ አርፏል። ሕፃኑ ከእንቅልፉ እንኳ አልነቃም።

ቀስ በቀስ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«የትኛውን ነው ያልከኝ?» አለ።

ቁልፉን ነቅሎ መዳፌ ላይ አኖረው። እኔ እንደሆን መንዳት አልችልም። ሰዉን አስወርጄ ስመለስ፣ ቀኝ እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል።