አባቴ የመረቁት ቤት

አይቆምም ያሉትን ቤት አባቴ እንዲመርቁ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ሞጣ ውስጥ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቀን ቀን የሚውሉበት ቤት ነበረን። ጧሪ ያለውም የሌለውም እዚያ ምሳውን ይበላል፣ ይጫወታል፣ ይነታረካል። አምና ክረምት ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው። ሁሉም ቅዳሴ ላይ ስለነበሩ ሰው አልሞተም። እንደገና ለማሠራት ኮሚቴ ሲቋቋም ሰብሳቢ ሁኚ አሉኝ፤ እኔም ሹመት መስሎኝ ተቀበልሁ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ደቦ ጠራሁ። ግቢው በሰው ተሞላ። ጠላው ተጠምቋል፣ ንፍሮው ተቀቅሏል፣ አናጺው ከቢቸና ድረስ መጥቷል። እኛ አገር ምሰሶ ከመተከሉ በፊት ከሁሉ በዕድሜ የገፋው ሰው ይመርቃል፤ እሱ ደግሞ አባቴ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል። የምሰሶውን ጉድጓድ በምርኩዛቸው ወጋ ወጋ አደረጉና የምርኩዙን ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱት። ርሷል። ያውም ዝናብ ጠብ ሳይል!

«ልጄ፣» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ከሥር ውሃ ይሰማኛል። የአምናው ጎርፍ መንገድ ይኸው ነው። ቤቱን ወደ ላይ ከፍ አድርጉት።»

«ጆሮዎ ነው አባባ! ይሄን ሁሉ ሰው ሂድ ልበለው? ጉድ አያድርጉኝ፣ ይመርቁ!»

ደቦ ጠርቶ ሥራ የለም ብሎ መመለስ ነውር ነው። የተሰበሰበ ሰው ምርቃት ሲጠብቅ ዝም ማለት ደግሞ የባሰ ነውር ነው። አባቴ ምርኩዛቸውን አስይዘውኝ እጃቸውን ዘረጉ። «ይቁም፣ ይጽና፣ ሰው አይለየው» አሉ። ግቢው በአሜን ተናወጠ። እኔም አፈር ልብላና ደስ አለኝ።

ቤቱ አልቆ ሰው መዋል ከጀመረበት በኋላ ሰኔ ገባ። በኋላኛው ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ወጣ። ለአናጺው ስደውልለት «ጭቃ ሲደርቅ ያደርገዋል፣ ለስኑት» አለኝ። ለሰንነው። በሳምንቱ በዚያው መስመር ተመልሶ ወጣ፤ አሁን ጣት ያስገባል። ጥግ ላይ ወለሉ ሲረጥብ ሰሌን አነጠፍሁበት። አንዲት አሮጊት እግራቸውን አሳርፈውበት «አንቺ፣ ቤትሽ ያልበዋል እኮ!» ብለው ሲስቁ ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አባቴ በየቀኑ እዚያ ስንጥቅ ሥር ይቀመጣሉ። ወደ በሩ ይምጡ ብዬ ለመንሁ።

«ተዪኝ። ይቁም ያልሁት እኔ ነኝ። ከወደቀም ከእኔ ይጀምር።»

አላስቻለኝም። አንድ ቀን ምሳ ሲያልቅ ተነሥቼ ተናገርሁ። «አባባ እዚህ አትሥሩ ብለውኝ ነበር። የደበቅሁት እኔ ነኝ። በእግዚአብሔር ውጡልኝ፣ ቤቱ ይዘጋ!»

አንድ ሽማግሌ ተቆጡ። «ታዲያ ያ ሁሉ አሜን ውሸት ነው? አባትሽን በሰው ፊት ታዋርጃለሽ?» ሌሎቹም ደገፏቸው። አባቴ አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌዎቹ ቁልፉን ከእጄ ወሰዱና በማግስቱ ቤቱን ራሳቸው ከፈቱት። አባቴም ምርኩዛቸውን አነሡ።

«ቃሌን አምነው ከገቡ እኔ ውጭ አልቀርም» አሉኝ።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል። የአባቴን ምሳ ይዤ ሄድሁ። ቤቱ ሞልቷል፣ ጨዋታው ደርቷል። በእሳቸውና በተሰነጠቀው ግድግዳ መካከል ገብቼ ተቀመጥሁ። ነጠላዬ ወዲያው ረጥቦ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ፈራሁ፤ ግን አልተነሣሁም።

አባቴ እጄን ያዙኝ። «አሁንስ ውሃው ተሰማሽ?»

ተሰማኝ።