በሰዒድ መኪና ላይ ያሳበብኩት

እኔ መካነ ሰላም ውስጥ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ አሮጌ ጎማ ደርድሮ፣ ሰዎችን ወደ ኋላ ማቆም ሲያለማምድ የሚውል፣ ጸጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው ካያችሁ እኔ ነኝ። ባለፈው ጥቅምት፣ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ገና ሳይደርቅ፣ ሰዒድ ከባለቤቱ ከዘሃራ ጋር ወደዚያ መጣ። ሰዒድ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ብዙ ዓመት ዱባይ ሠርቶ አሁን ጠቅልሎ ገብቷል። ዘሃራ አቀስታ ላይ ሱቅ ከፍታ በሳምንት ሦስት ቀን ትመላለሳለች፤ በሚኒባስ መጋፋቱ ስለሰለቻት መንዳት ልትማር ነው።

«አስተምራት» አለኝ ሰዒድ። «መኪናውንም አንተ ፈልግልን። ብቻ አሮጌ ይሁን። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ያልገባበት።»

ዘሃራ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የመረረው ሰው ሳቅ ነበር። «ይመር፣ እስቲ አንተ ንገረው። ወንድሜ አዲስ መኪና ልላክልሽ ሲለኝ እሱ እምቢ አለ። አሁን ያሉት እኮ ሲንሸራተቱ ራሳቸው ይይዛሉ አሉ። መንገዱን ታውቀዋለህ፤ ጭጋግ ነው፣ በረዶ ነው።»

«ራሱ የሚይዘውን አይተነዋል» አለ ሰዒድ። ቀና ብሎ አየኝ። «አባቴን ምን እንዳደረገው ይመር ያውቃል።»

አዎ፣ አውቃለሁ። ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚያች ቅጽበት ግን አንገቴን ደፍቼ የጫማዬን ጭቃ በጎማው ጠርዝ ስጠርግ ነበር።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከመካነ ሰላም ወደ ደጎሎ ገብስና ሰው የምታመላልስ አንዲት አሮጌ ፒክ አፕ እነዳ ነበር። መስኮቷ በእጅ ተይዞ የሚወጣ፣ ፍሬኗ ሁለቴ ካልተረገጠ የማይሰማ መኪና ነበረች። እኔ ግን እወዳት ነበር። መንገዱ ሲለሰልስ መሪው በመዳፌ ውስጥ ይቀልለኛል፤ ጎማው ጠጠር ሲያገኝ ወንበሩ ይነግረኛል፤ ማርሽ የምቀይርበትን ሰዓት የሞተሩ ድምፅ እንጂ ዓይኔ አያውቀውም። ቁልቁለቱን በሞተር ይዤያት ስወርድ፣ ከኋላ የተጫኑት ሰዎች «ማሻ አላህ፣ ይመር እኮ እጅ አለው» ሲሉ እሰማለሁ። ሰው በማያየኝ ቦታ እንኳን በአንድ እጄ መንዳት የጀመርኩት ያንን ከሰማሁ በኋላ ነው።

በዚያ ዓመት ሰዒድ ዘሃራን ሊያገባ ከዱባይ መጣ። የመጣው ደግሞ አገሩ አይቶት በማያውቀው መኪና ነው። ባለ ሁለት በር፣ አመድማ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀራት፣ የጀርመን ስሪት። የከተማው ሰው ከቧት ቆመ። ሰዒድ አስገብቶ ሲያሳየኝ በየቦታው መብራት፣ በየቦታው ስክሪን ነበር። ወንበሩ በሞተር ይንቀሳቀሳል፤ ማርሹ ራሱ ይቀየራል፤ የወንበር ቀበቶ ካላሰርክ ትጮኻለች፤ ወደ መንገድ ጠርዝ ከተጠጋህ ትጮኻለች። ከማርሹ አጠገብ፣ የምትንሸራተት መኪና ሥዕል ያለባት ትንሽ ቁልፍ ነበረች።

«ይቺን እንዳትነካ» አለኝ። «ይቺ ናት የምትይዛት። ጎማው ሊከዳ ሲል ኮምፒዩተሩ ቀድሞ ያውቅና ኃይሉን ይቀንሳል፣ ፍሬን ይይዛል። ይቺ ከጠፋች መኪናዋ እብድ ናት።»

«ታዲያ ነጂው ምን ይሠራል?» አልኩት።

ሳቀ። «ነጂውማ ይቀመጣል።»

በዚያ ሳምንት ሻይ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ያንን እየደጋገምኩ ሰው እንዳሳቅኩ አላስታውስም። «የሰዒድ መኪና ሰው ትነዳለች እንጂ ሰው አይነዳትም» እያልኩ። ቅናት እንደነበረበት አሁን አውቃለሁ። ያኔ እውቀት ይመስለኝ ነበር።

የሠርጉ ቀን ጠዋት ሰዒድ የመኪናውን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠ። አባቱን ሼህ ይማምን ከአቀስታ ወዲያ ካለው መንደራቸው እንዳመጣለት ነው። ኒካሑን፣ የጋብቻ ውሉን፣ የሚያስሩት እሳቸው ነበሩ። «ከአንተ ሌላ የማምነው የለም» አለኝ። «አባቴ በዚህች መኪና ሲገባ አገሩ ይየው።»

ሼህ ይማም ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርኣን ያቀሩ ሰው ነበሩ። በዚያ አካባቢ ያለ ደረሳ ሁሉ የመጀመሪያ ፊደሉን የቆጠረው እሳቸው በሰሌዳው ላይ በቀለም በጻፉለት ነው። እጃቸው የታወቀ ነበር፤ ጽሑፋቸውን አይቶ «ይቺ የሼህ ይማም ናት» የማይል አልነበረም። መኪናዋ የመንደሩን ኮረኮንች ስለማትችለው አስፋልቱ ድረስ በእግራቸው ወርደው ጠበቁኝ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። በመሐረብ የቋጠሩት የገብስ ቆሎ ይዘዋል።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ይመር» አሉኝ፣ ዝቅ ብለው እየገቡ። «ይቺ መኪና ሰውን እንደ ሶላት ሩኩዕ ታስጎነብሳለች እንዴ?»

ሳቅኩ። ቀበቷቸውን አሰርኩላቸው። ቆሏቸውን ከፍተው ዘገኑልኝ፤ ትኩስ ነበር። መስከረም እያለቀ ነበር፤ ገብሱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሊያፈራ ደርሶ አገሩ ሁሉ አረንጓዴና ቢጫ ነው። ከአቀስታ አልፈን ትንሽ እንደሄድን ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። ዳር ይዤ ቆምኩ። በረዶው ጣሪያውን ሲደበድብ ሼሁ ዱዓ እያደረጉ ነበር። ሲያባራ መንገዱ እርጥብ ሆኖ ያበራል፤ ፀሐይም ወጣች።

ስንነሳ ነው የጀመረው። ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ ሞተሩ ትንሽ ያጉረመርምና ወዲያው ይዳከማል፤ ከፊቴ ቢጫ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። ኩርባ ላይ ትንሽ ፈጠን ስል ደግሞ አንድ ነገር ከኋላ ይይዘኛል። ልጅ ሆኜ አባቴ በበሬ ሲያሳርሰኝ እርፉን ከእጄ እየነጠቀ «ተው አንተ» ይለኝ ነበር፤ ልክ እንደዚያ ሆነብኝ። እኔ የዚህን መንገድ እያንዳንዱን ጉድጓድ የማውቅ ሰው፣ በሽቦ ልመከር? ንዴቴ የልጅ ንዴት ነበር። እጄን ሰድጄ ያቺን ቁልፍ ተጫንኳት። ብርቱካናማ መብራት እስኪበራ ያዝኳት።

ሼሁ አይተውኛል። «ምንድን ናት እሷ፣ ልጄ?»

«የሙቀት ናት፣ ሼህ። እንዳይበርድዎ ብዬ ነው።»

«አላህ ይባርክህ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እንደነዳሁት ሆኜ ነድቼ አላውቅም። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። መኪናዋ ነፃ ወጣች። ሞተሩ ሲዘፍን በጀርባዬ ይሰማኛል፤ ኩርባው ላይ የኋላው ጎማ ትንሽ ሾልኮ ሲወጣ በመሪው እመልሰዋለሁ፣ ይመለሳል። ፒክ አፗ በዓመታት ያስተማረችኝ ሁሉ እዚህ ደረሰልኝ። በመስኮቱ የረጠበ ገብስና የጦስኝ ሽታ ይገባል። ለማንም ያልነገርኩት ይህ ነው፤ ያንን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ከሐፍረቱ በፊት ደስታው ነው የሚመጣው። ሼሁ የበሩን መያዣ ጨብጠው «ቀስ በል፣ ልጄ፣ ሙሽራው አያመልጠንም» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። ቀስ ግን አላልኩም።

ኩርባው ገደል ጥላ የሚጥልበት ነበር። በረዶው እዚያ አልቀለጠም፤ መንገዱ ላይ ጨው የፈሰሰ ይመስላል። ሳየው ፍሬን ረገጥኩ፤ ሰዒድ «እብድ ናት» ያለው ገባኝ። የኋላዋ ወደፊት መጣ። አገሩ በመስኮቱ አንድ ጊዜ ዞረ። ከዚያ በሼሁ በኩል ከመንገዱ ዳር የድጋፍ ግንብ ጋር ተላተምን። ጆሮ የሚያደነቁር ነገር ፈነዳ፤ የመኪናዋ የአየር ከረጢቶች ነበሩ የተከፈቱት፤ ውስጡ አቧራ ሞላ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» ሲሉ ሰማሁ። በሕይወት አሉ። ቀኝ እጃቸው ግን በበሩና በወንበሩ መካከል ገብቶ፣ ከአንጓው በላይ እጅ በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። ጣቶቻቸው ላይ ጠዋት ሰሌዳ የጻፉበት ቀለም ነበር።

እህል የጫነ አይሱዙ አግኝቶን መካነ ሰላም ሐኪም ቤት አደረሰን። ሰዒድ የሙሽራ ልብሱን እንደለበሰ እየሮጠ መጣ። ሽማግሌዎቹ፣ ሚዜዎቹ፣ ግማሽ ሠርገኛ ተከትሎታል። ትከሻዬን ይዞ «ምን ሆነ?» አለኝ። «ቁልፏን አልነካሃትም አይደል?»

እዚያ ላይ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ሰው ሁሉ ያየኛል፤ እጅ አለው የተባልኩት እኔን።

«አልነካሁም» አልኩ። «ኮምፒዩተሩ ነው። መብራት ብልጭ ብልጭ አለ፣ ከዚያ መሪውን ነጠቀኝ።»

አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይመር አልነበር ቀድሞ ያለው? ሰው ትነዳለች አላለም?» ሌሎቹም አጉረመረሙ። ሳምንቱን ሙሉ በሻይ ቤት የቀለድኩት ሁሉ ምስክር ሆነልኝ። ሰዒድ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «እኔ ነኝ» ይላል። «ለታይታ ብዬ አባቴን የጎዳሁ እኔ ነኝ።» እኔ ጎኑ ቁጭ ብዬ ጀርባውን እያሻሸሁ አጽናናሁት። ጀርባውን እያሻሸሁ!

ሼሁ ኒካሑ አይቀርም አሉ። ማታ ሊሆን ሲል እጃቸው በጀሶ ታሽጎ፣ አልጋቸው ላይ እንደተኙ ኒካሑን አሰሩት። በግራ እጃቸው አውራ ጣት ፈረሙ። ዱዓ ሲያደርጉ ዓይናቸው እኔ ላይ አንዴ አረፈና ተነሳ።

አጥንቱ ገጠመ፤ ጣቶቻቸው ግን ዳግመኛ ብዕር አልጨበጡም። ከዚያ ወዲህ እሳቸው በቃል ያስቀሩ፣ ቀድመው ከተማሩት ደረሶች አንዱ ይጽፍ ነበር። ሰዒድ መኪናዋን እንደተሰበረች ሸጦ ወደ ዱባይ ተመለሰ፤ መሪም ዳግመኛ አልያዘም።

ሼሁን አልፎ አልፎ እጠይቃቸው ነበር። አንድ ቀን ሁለታችን ብቻ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ፣ ያለ ምንም መግቢያ «ያቺ ሙቀት አልሞቀችኝም ነበር፣ ይመር» አሉኝ።

«ለሰዒድ ነገሩት?»

«እኔ ከነገርኩት ሐሜት ነው። አንተ ከነገርከው ተውበት ነው፤ ወደ አላህ መመለስ ነው። ያንተን እንዴት እወስድብሃለሁ?» አሉ። ከዚያ ስለ ገብሱ አወሩኝ።

እነግረዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። አልነገርኩትም። ሼሁ ሞቱ፤ እኔም ምስክር የሌለው ሰው ሆንኩ። መቃብራቸው ላይ አፈሩ ሲመለስ ከሐዘኑ ጋር አንድ ቀለል ያለ ነገር እንደተሰማኝ ብደብቅ ዛሬም ሌላ ውሸት መጨመር ነው።

ባለፈው ጥቅምት ዘሃራን ያንን ቁልቁለት ፍሬኗ በማይሰማ አሮጌ መኪና ስትወርድ በሐሳቤ አየኋት። እዚያ መኪና ውስጥ የሚያስቀምጣት የእኔ ውሸት ነው። «ሰዒድ፣ ና እስቲ» አልኩት። ከሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፤ ሳላሳምር ሁሉንም ነገርኩት።

ሰዒድ «አባቴ ያውቅ ነበር?» አለ።

«ያውቁ ነበር። እኔ እንድነግርህ ነው የተዉልኝ።»

«በደወልኩ ቁጥር ራስህን አትውቀስ ይለኝ ነበር። ሊያጽናናኝ መስሎኝ።» ሜዳውን አየ። «ደስ ይል ነበር?»

«ምኑ?»

«አጥፍተህ ስትነዳት።»

ሌላ ነገር ማለት ፈልጌ ነበር። «በጣም» አልኩት።

«እኔ አንድ ቀንም ደስ ብሎኝ ነድቻት አላውቅም» አለና ተነስቶ ሄደ።

ዘሃራ አሁን ወንድሟ በላከላት አዲስ መኪና እየመጣች ትማራለች። የምትይዛትን ቁልፍ እንዳታጠፋ የማስጠነቅቃት እኔ ነኝ። ሰዒድ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፣ እጁን ግን አይሰጠኝም። አልፈርድበትም። ሰው ሲናገረው ይቀልለዋል ይባላል፤ እኔን አልቀለለኝም፤ እንዲቀልለኝም የምጠይቅበት መብት ያለኝ አይመስለኝም። ባለፈው ሳምንት ዘሃራ፣ ሰዒድ ከመጣ ጀምሮ ሐፍረት ይዞት ሄዶ ወደማያውቀው ወደ አባቱ መቃብር ብቻውን ሄዶ እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ድረስ እንደተቀመጠ ነገረችኝ። ልጅ አባቱ መቃብር ላይ አንገቱን ሳይደፋ የሚቀመጥባትን ያቺን ሰዓት ይህን ያህል ዓመት የወሰድኩበት እኔ ነኝ።