አባ ቄራ ሥጋ አይሸጥም

ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ሞላሌ ላይ ነው። ሰው በማሳቅ እኔን የሚያህል በመንዝ አልተፈጠረም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ገብቼ አስቄ ነው የምወጣው። ይቺን ግን ሳስባት እስከ ዛሬ ጥርሴን ታስነክሰኛለች።

አባቴ በንጉሡ ጊዜ አባ ቄራ ነበሩ። አባ ቄራ ማለት የወል ደጋችንን የጓሳን ሣር እንዲጠብቅ ሕዝብ የመረጠው አለቃ ነው። ጓሳ ለዓመታት ይዘጋል፤ በግ አይገባ፣ ማጭድ አይገባ። ሣሩ ሲደርስ አባ ቄራው "ተከፍቷል" ይላል፤ አገሩ ወጥቶ ያጭዳል፣ ቤቱን ይከድናል። ሳይከፈት አጭዶ የከደነ ከተገኘ ክዳኑ ይቃጠላል። ሕጉ ይኸው ነው።

አንድ ዓመት ሰርቆ ከድኖ የተገኘው የአባቴ ታናሽ ወንድም ሆነ። አባቴ "ወንድሜን ካለፍኩ ነገ ማንን እይዛለሁ?" ብለው ክዳኑን በገዛ እጃቸው ለኮሱት። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ፣ ግን አልረሳውም። አጎቴ እንደተቀየሙ ሞቱ። ልጃቸው ደምሰውም ደጃችን ዝር አላለም።

ታዲያ ከከተማ አንድ ባለሙያ መጣ፤ የጥንቱን የጓሳ ኑሮ ሽማግሌ እየጠየቀ የሚጽፍ። አባቴ ሰማንያ አልፏቸዋል። ቀኑን ሙሉ ሲነግሩት ዋሉ፤ የወንድማቸውን ቤት ነገርም አልደበቁም።

"እሷን እንዳትረሳ፣ ጻፍልኝ" አሉት። "ደምሰው ፊደል ያውቃል። እኔን ባይሰማ ወረቀት ያምናል።"

ከወራት በኋላ ፎቷቸውና ጽሑፉ ሞላሌ አዳራሽ ውስጥ ተለጠፈ ተባለ። አባቴን በበቅሎ ይዤ ወረድኩ። ለደምሰውም ሰው ልከውበት ኖሮ መጥቶ በር ላይ ቆሟል።

አባቴ ፎቷቸው ፊት ቆሙና "በል አንብብልኝ" አሉኝ። እኔ ትምህርት ቤት ሳልረግጥ፣ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ፊደል የለቀምኩ ሰው ነኝ፤ በንባብ የሚቀድመኝ ካለ ይምጣ! ተንደርድሬ ገባሁበት።

"በቀድሞው ሥርዓት የቄራ ኃላፊ የነበሩ አባት" ይላል። ሌላ ምንም የለም።

ገባችሁ? ያ ባለሙያ ያደገው ቄራ ሲሉት በሬ የሚታረድበት በሚታየው ከተማ ነው። አባቴን አራጅ አደረጋቸው!

ምን ላድርግ? ከልቤ ፈጥሬ አነበብኩ። "ጓሳን በእውነት የጠበቁ፣ ለወንድማቸው እንኳ ያላደሉ" አልኩ። የአባቴ ፊት በራ።

"እሰይ! ደምሰው፣ ና አንተም አንብበው።"

ደምሰው መጥቶ አነበበ። "አጎቴ፣ የአባቴን ቤት ያቃጠሉት ሥጋ ሊጠብሱበት ኖሯል እንዴ?" ብሎ ወጣ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በሕይወቴ ሰው ስቆ እኔ ያልሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አባቴ ወደኔ ዞረው "ምን ይላል? እውነቱን ንገረኝ" አሉ። ነገርኳቸው።

እዚያው አዳራሽ የነበረውን ባለሙያ አንገቱን ይዤ አመጣሁት። "ቀኑን ሙሉ ነግረውህ የለም ወይ?"

"ጋሼ፣ ትንሽ የቃል ስህተት ናት። በሚቀጥለው ጊዜ ይስተካከላል።"

"የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ የትኛውን ቀጣይ ጊዜ ነው የሚጠብቀው?" ብዬ እስክሪብቶውን ከኪሱ መዝዤ ጽሑፉን ሰረዝኩት።

"ንብረት እያበላሸህ ነው!" ብሎ ጮኸ።

"አንተስ ያበላሸኸው የሰው ስም?"

አባቴን ይዤ ተመለስኩ። ቤት ደርሰን ከበቅሎ ሳወርዳቸው "ያን ጊዜ የወንድሜ ቤት፣ ዛሬ ደግሞ የኔ ተቃጠለ" አሉኝ። ከዓመት በኋላ አረፉ። ደምሰው ለቀብር አልመጣም።

ያ ባለሙያ የት እንዳለ አላውቅም፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። በራሴም እናደዳለሁ፤ ያን ውሸት ባላነብላቸው ሳቁ እንዲያ ድንገት ባልወረደባቸው።

ደምሰው፣ ወረቀት ታምናለህ አሉ። ይኸው ወረቀት። አባ ቄራ ሥጋ አይሸጥም፣ ሣር ነው የሚጠብቅ። የአባትህን ክዳን የለኮሱ ቀን ደግሞ ጓሮ ዞረው ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው አልቅሰዋል። እኔ አይቻለሁ።