ሲጥ የሚለው ፍሪሲዮን

አባቴ ከሞተ ወዲህ ፒክአፑን የምነዳው እኔ ነኝ። ፍሪሲዮኑ በተረገጠ ቁጥር ሲጥ ይላል። አባቴ ግን ደንታ አልነበረውም። ከዋጃ ሲመለስ እናቴ ያንን ድምፅ ሰምታ ለመግሪብ ሶላት የሚታጠብበትን የውዱ ውሃ ይዛ በር ላይ ትቀበለው ነበር። አሁንም ሲጥ ሲል ትወጣለች፤ እኔን ታይና ውሃዋን ይዛ ትመለሳለች። ስንቱን ልቻል! ጁምዓ ሰግጄ እንደተመለስኩ፣ መኪናውን ግቢ አቁሜ ከመሪው ሥር በጀርባዬ ገባሁ። የፔዳሉን ማጠፊያ ከቆቦ አቧራ አጽድቼ ግሪስ ቀባሁት። ዝም አለ፤ እፎይ አልኩ።

በማግስቱ ሲመሽ ፍሪሲዮኑ ሲጥ ሳይል በፒክአፑ ገባሁ። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ውሃው አጠገቧ ነው። ቀና ብላ አየችኝና፣

«አባትህ ዛሬ ምነው ቆየ?» አለችኝ።