የእቁቤ ተራና ባለቤቴ ያነሳው ስልክ

ባለቤቴ መዋሸት አይችልበትም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይህ ያስመሰግነዋል፤ እኔ ግን በዚያ ሰመር እንደ በሽታ ነበር የማየው።

ክሬዲት ካርዱ በስሜ ነው። ሶፋውን፣ የመኪናውን ጎማ፣ የባለቤቴን ወንድም የሠርግ ወጪ ሁሉ ካርዱ ላይ ጭነን መክፈል ሲያቅተን ባንኩ ዕዳውን ለሰብሳቢ ድርጅት አሳልፎ ሰጠው። ከነወለዱ ስድስት ሺህ ዶላር ደረሰ። አውሮራ ከተማ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነበር የምሠራው። በምሳ ሰዓቴ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከድርጅቱ ሠራተኛ ጋር ሦስት ሳምንት ሙሉ ተከራከርኩ። ሴትየዋ አምስት ሺህ ስትል ሁለት፣ አራት ስትል ሁለት ተኩል እያልኩ፣ በመጨረሻ በሦስት ሺህ ተስማማን። በአንድ ጊዜ ከከፈልኩ የቀረው ይሰረዛል። ስምምነቱን በደብዳቤ እልክልሻለሁ አለችኝ።

ሦስት ሺውን ከየት እንደማመጣ አውቅ ነበር። አሥር ሆነን በወር አምስት አምስት መቶ የምንጥለው እቁብ አለን፤ የዚያ ወር ተራ የእኔ ነበር። ከአምስት ሺው ሦስቱ ለዕዳው፣ ሁለቱ ኦገስት ላይ ለሚጀምረው የነርስ ትምህርት። ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን ነጭ ጫማ እንኳ አስቀድሜ ገዝቼ አልጋ ሥር አስቀምጬ ነበር።

ደብዳቤው ሳይደርስ ሴትየዋ ቤት ደወለች። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ባለቤቴ አነሳ። ገንዘቡን ከየት እንደምናመጣ ጠየቀችው። ምን ቢላት ጥሩ ነው? እቁብን አስተማራት። ወለድ የለው፣ ወረቀት የለው፣ በመተማመን ብቻ እንደሚሠራ በኩራት ከተነተነላት በኋላ፣ በዚህ ወር ተራው የሚስቴ ነው፣ አምስት ሺህ ትወስዳለች ብሎ ጨረሰላት። ከሥራ ስገባ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ።

"በጣም ኢንተረስትድ ሆነች" አለኝ። "ሁሉንም ኤክስፕሌን አደረግኩላት።"

በማግስቱ ደወልኩ። አምስት ሺህ የምታገኙ ከሆነ አምስት ሺህ ነው የምንቀበለው፣ የሦስቱ ነገር ቀርቷል አለችኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ስልኩን ዘግቼ የመኪናውን መሪ በጡጫ ስመታው ክላክሱ ጮኸ፤ የምንከባከባቸው አንዲት አሮጊት በመስኮት ብቅ ብለው አዩኝ። ያን ቀን ባለቤቴን የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ዛሬም ግን አልተጸጸትኩበትም።

ለእቁቡ ዳኛ ደወልኩላቸው። በዕድሜ የገፉ ኤርትራዊ ባለታክሲ ናቸው፤ አማርኛን አስመራ ትምህርት ቤት ተምረው ከሁላችንም የጠራ አማርኛ ይናገራሉ። የለኝም በያት ብለው ሊመክሩኝ መስሎኝ፣ መዋሸት እምነቴ አይፈቅድም አልኳቸው ገና ሳይናገሩ።

"ማን ዋሺ አለሽ፣ ልጄ?" አሉኝ። "ተራሽን ለሌላ ስጪ። ያን ጊዜ የለኝም ብትይ እውነት ነው።"

የመጨረሻው ተራ ሞንትቤሎ ሰፈር የምትኖር የአንዲት የእቁባችን አባል ነበር። የበረዶ ዝናብ የቤቷን ጣሪያ ደብድቦባት ለማሠሪያ ሁለት ሺህ ቸግሯታል። ዳኛው አገናኙንና ተራ ተለዋወጥን። እሷ አምስት ሺውን ወስዳ ሁለቱን ለጣሪያዋ ታደርጋለች፣ ሦስቱን ለእኔ ታበድራለች፤ እኔም ማርች ላይ የእሷ ተራ ሲደርሰኝ እመልስላታለሁ። ትክክለኛ ፍርድ ነበር። ይበልጥ ያንገበገበኝም ይኸው ነው፤ ትምህርቴ የሰው ጣሪያ ሆኖ ሲቀር የምጣላው ሰው እንኳ አጣሁ።

ለሴትየዋ መልሼ ደወልኩ።

"እቁቡን ሌላ ሰው ወስዶታል" አልኳት። "ሦስት ሺህ ዶላር ተበድሬያለሁ። እስከ አርብ የሦስት ሺው ስምምነት ደብዳቤ ካልደረሰኝ ላበደረችኝ ሴት እመልሳለሁ።"

እውነትሽን ነው ወይ ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሦስቴም እውነቴን ነው አልኳት፤ አንድ ቃል አልዋሸሁም። ሐሙስ ዕለት ደብዳቤው ሥራ ቦታዬ በፋክስ ገባ። አንብቤ፣ አለቃዬንም አስነብቤ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ሺውን በመኒ ኦርደር ላክሁ።

ባለቤቴ ደብዳቤውን አገላብጦ አየና እግዚአብሔርን አመሰገነ። አየሽ፣ እውነት ተናግረን ተገላገልን አለኝ።

"አንተ ተናገርክ" አልኩት። "እኔ ከፈልኩ።"

ይቅርታ ቢለኝ ኖሮም እሺ የምል አይመስለኝም።

ኦገስት ላይ ትምህርቱ ያለ እኔ ተጀመረ። ነጩን ጫማ ከአልጋ ሥር አውጥቼ ለሥራ ማድረግ ጀመርኩ። ማርች ደርሶ እቁቡ እጄ ሲገባ ሶሉ አልቆ ነበር።